የሚነዝር ጊታር፦ ፍሬትን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

በበገና ላይ ክሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ድምፁን የሚያነዝረው ያ ቆዳ ነው፤ ያለ እርሱ በገና በገና አይሆንም። በጊታር ላይ ግን ያው ንዝረት በሽታ ነው። ጣትዎ አምስተኛዋን ፍሬት ይዞ ክሩ ጥርት ብሎ መሰማት ሲገባው ጥዝዝ የሚል ከሆነ፣ ስድስተኛዋ ከጓደኞቿ ከፍ ብላ ክሩን እየነካችው ሊሆን ይችላል። ፍሬት የምንለው በአንገቱ ላይ አግድም የተደረደሩትን ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ነው። ክራርና ማሲንቆ ፍሬት ስለሌላቸው ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው። ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ማንዶሊንና ዩኩሌሌ ግን አያመልጡትም።

የመጀመሪያ ጊታሬን ያበላሸሁት በሞረድ ነው። ጥፋተኛዋ ሁለተኛዋ ፍሬት ናት ብዬ ሞረድኳት፤ ንዝረቱ አልጠፋም። ሦስተኛዋን ጨመርኩ። አንገቱ ወደ ኋላ መለመጡን ያየሁት በማግስቱ ነበር፤ አንገቱን የሚያቃናውን ብሎን ሩብ ዙር ማላላት ይበቃኝ ነበር። የተሞረደ ብረት ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ምርመራው ነው፤ ሞረዱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ምርመራው

ጊታሩን በትክክል ይቃኙና እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ እየያዙ አንድ በአንድ ይምቱ። የሚነዝርበትን ቦታ በወረቀት ይጻፉ፤ በቃል መያዝ አያዋጣም። ንዝረቱ የሚሰማው ክሩ ሳይያዝ ሲመታ ብቻ ከሆነ፣ ፍሬቶቹ ንጹሕ ናቸው። ችግሩ በአንገቱ ጫፍ፣ መቃኛዎቹ አጠገብ ክሮቹ በሚያልፉባት ዘንግ ላይ ነው፤ ጎድጓዳዎቿ ከልክ በላይ ጠልቀዋል። ከአንደኛዋ እስከ አራተኛዋ ባሉት ፍሬቶች ሁሉ የሚነዝር ከሆነ አንገቱ ወደ ኋላ ለምጧል። ወደ አካሉ በተጠጉት ፍሬቶች ብቻ ከሆነ ክሮቹ በአካሉ ላይ የሚያርፉበት በርኩማ ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ሲሰማ ነው ፍሬቶቹን መጠርጠር ያለብዎት።

በአገራችን ወቅቱንም መርሳት አይገባም። በበጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ እጅ ይቧጭራል፣ አንገቱም ልምጠቱን ይቀይራል። በጥር የተስተካከለ ጊታር በነሐሴ ጠባዩን ቢለውጥ አይደነቁ።

ከፍ ያለችውን ፍሬት ለማግኘት ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ይበቃል። በጠርዙ አቁመው ሦስት ፍሬቶች ላይ ብቻ እንዲያርፍ ያድርጉት፤ በአንገቱ መጀመሪያ ረጅሙን ጠርዝ፣ ወደ አካሉ ሲጠጉ አጭሩን ይጠቀሙ። አራተኛዋን ፍሬት የሚነካ ከሆነ በመቀስ ያሳጥሩት። ካርዱ እንደ ሚዛን ወዲህና ወዲያ ከተወዛወዘ፣ መካከለኛዋ ከፍ ብላለች። በዚያች ፍሬት ላይ በማርከር ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ግን ወዲያው ሞረድ አያንሱ፤ መጀመሪያ ጫፎቿን በእንጨት ቁራጭ ጫን ያድርጓቸው። ወደ ታች ከገባች፣ ከእንጨቱ ተነቅላ ኖሯል። እንዲህ ዓይነቷ በሱፐር ግሉ ጠብታና በረጋ ጫና ወደ ቦታዋ ትመለሳለች እንጂ አትሞረድም።

የፍሬቶቹን ቁመትም ይመልከቱ። አዲስ ፍሬት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ከፍታ አላት። ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ከቀራት፣ ወይም ክሩ ጥልቅ ጉድጓድ ከቆፈረባት፣ ሌሎቹን እስከ እርሷ ማውረድ ብረት ማባከን ነው፤ ፍሬት መቀየር ይሻላል፤ እሱ ደግሞ ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

ማስተካከሉ

ክሮቹን ያውልቁ። በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ካለው በብሩጎላ ቁልፍ ሩብ ሩብ ዙር እያዞሩ አንገቱን ቀጥ ያድርጉት፤ ረጅም የብረት ማስመሪያ በፍሬቶቹ ላይ አስቀምጠው ከሥሩ ብርሃን የሚያልፍበትን ቦታ ይመልከቱ። የናይለን ክር ያላቸው ጊታሮችና ዩኩሌሌዎች ብዙውን ጊዜ ይህ ዘንግ የላቸውም። ያኔ አንገቱን እንዳለ ተቀብሎ መሥራት ነው።

በፍሬቶቹ መካከል ያለውን እንጨት ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። የድምፅ ቀዳዳውን፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ማግኔት ያለባቸውን ድምፅ መቀበያዎች አብረው ይሸፍኑ። አፍና አፍንጫዎንም ይሸፍኑ። የፍሬት ብረት በአብዛኛው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም።

አሁን ፍጹም ቀጥ ያለ ነገር ያስፈልግዎታል። ከመስታወት ቤት 10 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 40 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመትና 4 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጠርዙ የተሞረደ መስታወት ማስቆረጥ እመርጣለሁ። የአሉሚኒየም ቱቦላሬም ይሆናል፤ ዓይን ቀጥ ያለ የመሰለው ሁሉ ግን ቀጥ አይደለምና በመስታወት ላይ አጋድመው ይፈትሹት። ለዩኩሌሌ ከዚህ ግማሹ ይበቃል። ከሥሩ ቁጥር 400 የብርጭቆ ወረቀት በሁለት ወገን በሚጣበቅ ፕላስተር ይለጥፉ።

የሁሉንም ፍሬቶች አናት በማርከር ያጥቁሩ። መስታወቱን በአንገቱ ርዝመት ወደፊትና ወደኋላ ያንሸራትቱ፤ ክብደቱ ራሱ ይሥራ፣ እጅዎ አይጫነው። የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት ገጽ በአብዛኛው ከጎን ወደ ጎን መሃሉ ጎበጥ ያለ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ክር መንገድ እየተከተሉ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይሂዱ። መሃሉን ብቻ ከገፉ ጉብታው ይደላደላል። በየአምስት ስድስት ግፊቱ ቆም ብለው ይመልከቱ። ጥቁሩ መጀመሪያ የሚጠፋው ከከፍተኞቹ ላይ ነው። ከሁሉም አናት ላይ በጥቂቱ መነካቱን ሲያዩ ያቁሙ። እጅ መሥራት መቀጠል ይፈልጋል፤ ይከልክሉት። ካርዱ ያሳየዎት አንዲት ፍሬት ብቻ ከሆነች ደግሞ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ አያስፈልግም፤ በትንሽ ጠፍጣፋ ሞረድ እርሷን ብቻ ይንኩና በካርዱ ይመዝኗት።

የብዙ ጀማሪ ሥራ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። የተስተካከለች ፍሬት አናቷ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ክሩም በመሃሏ ፈንታ ወደ በርኩማው በሚያይ ጠርዟ ላይ ያርፋል። ያኔ የክሩ ርዝመት በጥቂቱ ያጥራል፣ ድምፁም ከቅኝቱ በመጠኑ ይቀጥናል። ስለዚህ አናቷ እንደገና እንደ ጉልላት መክበብ አለበት። ለዚህ የተሠራ ሞረድ ከሌለዎት፣ ማዕዘኖቹ እንጨቱን እንዳይቧጭሩ የለሰለሱ ባለሦስት ጎን ሞረድ ይሠራል። አናቷን በድጋሚ ያጥቁሩ፤ ከሁለቱም ወገን እየከበቡ ይሞርዱ፤ ጠፍጣፋው እየጠበበ ሄዶ በመሃል እንደ ክር የቀጠነች ጥቁር መስመር ስትቀር ይበቃል። ያቺን መስመር ከሞረዷት ደረጃዋን አጠፉት፣ የቅድሙም ድካም ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

የቀረው ማለስለስ ነው፦ በ600፣ በ1000፣ በመጨረሻም በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ጭረቱ ጠፍቶ እስኪያብረቀርቅ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይጠቀሙ፤ ሻካራ ነው።

ክሮቹን መልሰው ይቃኙ። ቀጭኑን ክር በአንደኛዋ ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አጥብቀው ይያዙ፤ በሰባተኛዋ ፍሬት ላይ ሁለት ወይም ሦስት የፎቶኮፒ ወረቀት የሚያስገባ፣ ማለትም ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር የሚደርስ ክፍተት ይፈልጉ። ይህን ክፍተት እስኪያገኙ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ በብሩጎላው ያስተካክሉ። በ12ኛዋ ፍሬት ላይ ክሩ ከአናቷ የሚርቀው ለኤሌክትሪክ ጊታር ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ለናይለን ክር ከ3 እስከ 4 ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ መጀመሪያ የጻፉትን ወረቀት አውጥተው በእያንዳንዱ ቦታ ደግመው ይምቱ፤ ሁልጊዜ በሚመቱበት ኃይል እንጂ ጥፋት ፈልገው ክሩን በመቦጨቅ አይደለም።