መዥገሩ ተለቅሞ አላልቅ ሲል

ምልክቱ፦ ቅዳሜ ለቅማችሁ ትጨርሳላችሁ፤ በሳምንቱ የውሻው ጆሮ፣ ብብቱ፣ የጣቶቹ መሃልና የአንገት ማሰሪያው ስር እንደገና ሞልቶ ይገኛል። ደም የጠገበችው ግራጫ ሆና ሽንብራ ታህላለች።

መንስኤው፦ ለገጣፎ እንደገባሁ ጥፋቱን በሙሉ በአጥራችን ስር በሚግጡት ላሞች ላይ ጥዬ ወራት አባከንኩ። አንድ ማታ በባትሪ የውሻዬን የቡቺን ቤት ሳይ፣ መዥገሮቹ ከጣውላው ስር ወጥተው በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ወደ ላይ ይሳባሉ። ቡናማዋ የውሻ መዥገር በየዕድገቷ ደረጃ ደም ጠጥታ ትወርዳለች፤ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ቆዳዋን ትቀይራለች፤ እናቲቱም እዚያው በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ውሻው ላይ የምናየው ጥቂቱን ነው።

መፍትሄው፦ የተጣበቀውን በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ፣ ሳትጠመዝዙ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። በጣት አታፍርጡት፤ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ጨምሩት። ነጭ ጋዝ ማፍሰስና በክብሪት መለብለብ ውሻውን ከማሰቃየት በቀር ጥቅም የለውም።

ዋናው ሥራ ቤቱ ነው። የሚተኛበትን ጨርቅ ቀቅሉት ወይም አቃጥሉት፤ ስንጥቁን ድፈኑ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ስትረጩ፣ መድኃኒቱ እስኪደርቅ ውሻው ውጭ ይቆይ። እንቁላሉ ዘግይቶ ስለሚፈለፈል ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ድገሙት።

ለከብት የሚሸጠውን ዳያዚኖን የተባለ የመዥገር መርዝ በግምት በጥብጣችሁ ውሻ ላይ እንዳታፈሱ አደራ! እኔን አንድ ሻጭ «ያው ነው» ብሎኝ ነበር። ያው አይደለም፤ ምራቁን ያዝረበርበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይገድለዋልም። በክብደቱ ተለክቶ የሚሰጠው የፍሉራላነር እንክብል መዥገሩን እስከ 12 ሳምንት ይከላከላል። ዋጋው ይቆነጥጣል፤ ሆኖም ከገዛኋቸው ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ምግብ እምቢ ካለ፣ ድዱ ከነጣ፣ አፍንጫው ከደማ፦ ኤርሊኪያ ሊሆን ይችላል። ሽንቱ የጥቁር ሻይ መልክ ከያዘ ደግሞ ባቤዚያ ይጠረጠራል። ሁለቱንም በሽታዎች መዥገር ያስተላልፋቸዋል፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ገላንና ቱሉ ዲምቱ ላላችሁ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ መንገዱ ያዋጣችኋል። ለኤርሊኪያ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ለ28 ቀን ያህል ይወሰዳል። ቡቺ ታሞ ዶክሲሳይክሊኑን በጀመረ በ3ኛው ቀን ጅራቱን እየቆላ ሳህኑን ላሰ፤ ያም ሆኖ እንክብሉን እስከ መጨረሻው ቀን ሰጠሁት።