ባሕር ዳር ላይ ልጅ በካቶሊክ ክርስትና ልታስነሡ ነው? መጀመሪያ አበልጅ ፈልጉ

ድንኳኑም በጉም ይቆይ። ቀድሞ የሚታሰበው ልጁን ክርስትና የሚያነሳው ሰው ነው። እዚህ ከተማ ላይ ካቶሊክ ብትሆኑም ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ የዕድሩ ሰውም አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነውና ልባችሁ የፈቀደው ሰው ብቻውን ማንሳት ላይችል ይችላል። ይህንን በዋዜማው ስትሰሙት ቅያሜ ነው ትርፉ። ስለዚህ ገና እርጉዝ ሳላችሁ ቁምስናችሁ (የአካባቢያችሁ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) ሄዳችሁ አባን አነጋግሩ፣ ትምህርቱ መቼ እንደሆነና ምን ምን ወረቀት እንደሚፈለግም ያኔውኑ ጠይቁ።

የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት በግዕዝ ሥርዓት፣ ማለትም በምሥራቃዊ የአምልኮ ሥርዓት ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሚመለከተን የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ነው። በዚያ መሠረት የክርስትና አባት ወይም እናት የሚሆነው የተጠመቀ፣ ሜሮን የተቀባና የቆረበ ካቶሊክ ነው። ወላጅ ለገዛ ልጁ አይሆንም። ኦርቶዶክስስ? በቂ ምክንያት ካለ ይቻላል፣ ግን ከጎኑ ካቶሊክ መቆም አለበት። እንግዲህ እቴቴ «እኔ ካላነሳሁ» ካለች አታስቀይሟት፣ ካቶሊክ አጋር ፈልጉላት። እሷም የንስሐ አባቷን ታማክር፣ በዚያ በኩል እሺ ላይባል ይችላላ።

አበልጅነት በጎጃም ዝምድና ነው፣ አበልጅ ከአበልጅ አይጋባም። የሚገርመው ይሄው ቀኖናም ላይ ተጽፏል፤ ያነሳው ሰው ልጁንም ሆነ የልጁን ወላጅ ማግባት አይችልም። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት እንግዲህ ነገ ባል ሊሆናት የሚችለውን ሰው የክርስትና አባት አታድርገው!

ሚስት ኦርቶዶክስ ስትሆን «እኔም እንደገና ልጠመቅ ነው?» ብላ የምትሰጋ አለች። አይደለም። የኦርቶዶክስ ጥምቀት ጥምቀት ነው፣ አይደገምም። ካቶሊክ በሆነው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ ብሎ ያመጣውን ጣጣ የጣና ዳር ሰው አልረሳውም፤ ደም ፈሶ፣ በመጨረሻ ንጉሡ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ። ዛሬ እንደዚያ የሚል የለም። ልጁ የት እንደሚጠመቅ ግን ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ቁርጡን ተነጋገሩ፣ ለአማት አትተዉት።

ቀኑ በልማድ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ነው። ልጁ በጠና ከታመመ ግን ቀን አይቆጠርም። ካህን ካልተገኘ ማንም ክርስቲያን «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» እያለ ውኃ ያፈስበታል፣ ከዚያ ለቁምስናው ይነገራል።

የሚያነሱትን ሰዎች በደንብ አለማምዷቸው። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክደው፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አምናለሁ የሚለው ልጁን ያቀፈው ሰው ነው። አባ ሲጠይቁ ስልኩን ደግኖ ቪዲዮ የሚቀርጽ የክርስትና አባት አይታችሁ ከሆነ ገብቷችኋል። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ይያዝ፣ ቀረጻውን ለሌላ ሰው ስጡ። ጥምቀትና ሜሮን በአንድ ቀን ስለሚፈጸሙ ልጁ ብዙ ጊዜ ይለብሳል ያወልቃል፤ ልብሱ ነጭና ፊት ለፊት የሚከፈት ይሁን፣ ፎጣና ቅያሪም ያዙ። ከመግባታችሁ በፊት ይጥባ።

ድግሱ ላይ የኦርቶዶክስ እንግዶቻችሁን ጾም አስቡ። ሽሮና ምስር ለብቻ ይሠራ፣ ጭልፋውም ይለይ። የጣና ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከተነሳ አያልቅምና ዓሣውን ለፍስክ ቀን አቆዩት።

የክርስትና ስሙን ቀድማችሁ ምረጡ። ከቤተ ክርስቲያን ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ መዝገቡ ላይ የልጁ ስም ፊደሉ ሳይቀር ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ያኛው ላይ «ኃይለ»፣ እዚህ «ሀይለ» ከሆነ እዚያው ይታረም፣ ሲያድግ ለጋብቻ ይሄንኑ የጥምቀት ወረቀት አምጣ ይባላል።