ከጅማ ወደ ዛንዚባር፦ ለምግብ ብሎ ለሚሄድ

ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ዶፍ ስለሚጥል ሌላ ወቅት ምረጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ተከተቡ። የደሴቲቱ የግዴታ ኢንሹራንስ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፤ በኦንላይን ቀድማችሁ ክፈሉ።

የጅማውንና የቦሌውን በረራ በአንድ ትኬት ቁረጡ። ለየብቻ ከሆነና የጅማው ከዘገየ፣ ያመለጣችሁ በረራ ኪሳራ የራሳችሁ ነው።

ማደሪያ ስቶን ታውን (የዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል) ውስጥ ያዙ፤ ፎሮዳኒ መናፈሻ የሚዘረጋው የማታ የምግብ ገበያ በእግር ይደረሳል። በኡሮጆ ጀምሩ፦ ማንጎ ያኮመጠጠው ቢጫ መረቅ፣ ውስጡ ድንችና ባጂያ (በዘይት የተጠበሰ የጥራጥሬ ሊጥ)። ኦክቶፐስና ዓሣ ግን ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ የቆየውን እለፉ፤ ዋጋ ተነጋግራችሁ ፊታችሁ ይጠበስ። በረመዳን ቀን ቀን ብዙው ምግብ ቤት ዝግ ነው።

ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው፣ ደስ ይላል። የጀልባና የአውሮፕላን ትኬት ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጻፈው።