ምሁሩ የዊኪፒዲያ ገጽ ይገባዋል? ስንመዝን የምንስታቸው ነገሮች

«ፕሮፌሰር ነው እኮ! እንዴት ገጽ አይኖረውም?» ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማዕረግ ብቻውን ግን አያበቃም። ጥያቄው ሥራው በሙያው ውስጥ ምን ለውጥ አመጣ የሚለው ነው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ይብሳል፦ ማዕረጉ ዝቅ ካለ ሰውየውን መናቅ። ካናዳዊቷን የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ስለ እሷ ለዊኪፒዲያ የቀረበ የገጽ ረቂቅ ውድቅ ተደረገ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመች፤ ያኔ ተባባሪ ፕሮፌሰር ነበረች። ለሽልማት ያበቃት የሌዘር ሥራ የታተመው በ1985 ነው። በ2013 ደግሞ የአሜሪካ የኦፕቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረች። አንድ ትልቅ የሙያ ማኅበርን መምራት ደግሞ በዊኪፒዲያ መስፈርት ብቻውን ይበቃል። ረቂቁን ያየው ሰው ያለው የተጠቀሱት ምንጮች አይበቁም ነው። ስለ ረቂቁ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የረቂቅ መድከምና የሰው አለመብቃት ለየቅል ናቸው። ውድቅ ከማድረግ በፊት አምስት ደቂቃ ፈልጎ ማየት ምን ይጎዳል?

ሦስተኛው ስህተት ቁጥር ማምለክ ነው። የአንድ ምሁር ጽሑፎች በሌሎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚለካ ኤች-ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር አለ። ኤች-ኢንዴክስ 20 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ማለት ነው። ጥሩ፤ ግን በየትኛው ዘርፍ? በሕክምና ብዙ የማያስደንቀው ቁጥር በንጹሕ ሒሳብ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሂግስ ቦዞን ስለሚባለው ረቂቅ የፊዚክስ ቅንጣት ክብደት የወጣው ጽሑፍ ከ5,000 በላይ ደራሲዎች አሉት። ስሙ 3,000ኛ ላይ ያለው ሰው ምን እንደሠራ ጽሑፉ ከተጠቀሰበት ብዛት (ከሳይቴሽኑ) አታውቁም። የምሁራን ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላርም ሞክሼዎችን ይቀላቅላል። ዝርዝሩን ወረድ ብላችሁ እዩት፤ ስለ ወባ የጻፈው ሰው ስለ ድልድይ ብረትም ከጻፈ፣ ሁለት ሰው አንድ ገጽ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ሰዎችን በዚሁ ሚዛን መለካት ደግሞ ግፍ ነው። እነሱ የሚመዘኑት በመጽሐፍ ነው። መጽሐፎቹን ሌሎች ምሁራን በጆርናል ላይ ገምግመዋቸዋል ወይ? ሁለት ሦስት ግምገማ ካገኛችሁ ክርክሩ መልኩን ይቀይራል።

ምሁሩ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የት እንደተማረ ለማረጋገጥ ይሆናል። ለታዋቂነቱ ግን ምስክር አይሆንም፤ የራሱን መምህር የማያወድስ ዩኒቨርሲቲ የለማ!

ምሁሩ ሁሉንም የዊኪፒዲያ መስፈርት እንዲያሟላ መጠበቅም አያስፈልግም። አንዱ በጥሩ ምንጭ ከተረጋገጠ ይበቃል።

በመጨረሻ፣ የሙያ ማኅበር «አባል» የሚለው ቃል አያታልላችሁ። የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ አባላቱን መርጦ ነው የሚያስገባው። ክፍያ ለከፈለ ሁሉ በሩን የሚከፍት ማኅበርም ሞልቷል። ስለዚህ የማኅበሩን ደንብ ክፈቱና አባል የሚኮነው በምርጫ ነው ወይስ በክፍያ የሚለውን ፈልጉ።