በሲ++ የታይፕን ምድብ ኮምፓይል ሲደረግ እንዴት እንለያለን?

ቴምፕሌት (ለብዙ ታይፕ የሚያገለግል አንድ ኮድ) ስትጽፉ ምን ዓይነት ታይፕ እንደሚመጣባችሁ አታውቁም። ዛሬ ኢንት፣ ነገ ፖይንተር፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው የሠራው ክላስ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ፕሮግራሙ ሳይነሳ ኮምፓይለሩን መጠየቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ሲ++11 ጀምሮ መጠየቂያው ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል።

መጀመሪያ ታይፕ_ትሬይትስ የሚባለውን ሄደር ኢንክሉድ አድርጉ። በሲ++23 ዋናዎቹ ምድቦች 14 ናቸው፤ ቮይድ፣ ሙሉ ቁጥር፣ አሬይ፣ ኢነም፣ ክላስ፣ ፖይንተር፣ ሁለቱ የሪፈረንስ ዓይነቶች እያለ ይቀጥላል። አንድ ታይፕ ከአንዱ በላይ ውስጥ አይገባም።

ከዚያ ታይፑ (ቲ) ሙሉ ቁጥር መሆኑን ጠይቁ፦ ኢዝ_ኢንተግራል_ቪ<ቲ>። መልሱ ትሩ ወይም ፎልስ ነው። መጨረሻ ላይ «_ቪ» ያለው አጭር አጻጻፍ የመጣው በሲ++17 ነው። ቡል እና ቻርም ሙሉ ቁጥር ናቸው ሲላችሁ አትደንግጡ፤ ትክክል ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ሪፈረንስ ላይ ነው። ፋንክሽናችሁ ቲ&& ይቀበላል እንበል። ኢንት የሆነ ቫሪያብል ስትሰጡት ቲ ኢንት ሳይሆን ኢንት& ይሆናል። ኢዝ_ኢንተግራልም ፎልስ ብሎ ቁጭ! ኮንስት (እሴቱ አይቀየርም የሚለው ምልክት) ግን ምድብ አይቀይርም። ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት ሪፈረንሱን በሪሙቭ_ሪፈረንስ_ቲ አውልቁት። የምትጠቀሙት ኢዝ_ሴም (ሁለት ታይፖች አንድ መሆናቸውን የሚጠይቀው) ከሆነ ኮንስቱም መውለቅ አለበት። ሲ++20 ካላችሁ ሪሙቭ_ሲቪሬፍ_ቲ ሁለቱንም ይጨርሳል። ከሌላችሁ መጀመሪያ ሪፈረንሱን፣ ቀጥሎ ኮንስቱን። ተገላቢጦሽ ከሆነ ኮንስቱ ከሪፈረንሱ ስር ተደብቆ ያመልጣችኋል።

አሁን መንገዱን ክፈሉ። በተራ ኢፍ ሁለቱም ቅርንጫፎች ኮምፓይል መሆን አለባቸው። ለፖይንተር የጻፋችሁት *ኤክስ፣ ኢንት ሲመጣ ኤረር ይሰጣል። ኢፍ ኮንስትኤክስፐር ግን ያልተመረጠውን ቅርንጫፍ ይጥለዋል። ይህን የሚያደርገው ቴምፕሌት ውስጥ ብቻ ነው፤ ውጭ ከሆነ ያንኑም ይመረምረዋል።

የመጨረሻው ኤልስ ላይ የማትፈልጉትን ታይፕ በስታቲክ_አሰርት (ሁኔታው ፎልስ ከሆነ ኮምፓይል ማድረጉን በኤረር የሚያስቆም) መልሱት፤ መልእክቱንም ሰው የሚገባው አድርጉት። ቆየት ያሉ ኮምፓይለሮች ላይ እዚያ ውስጥ ፎልስ ብቻ ከጻፋችሁ ፋንክሽኑን ማንም ሳይጠራው ኤረር ይወጣል። ሳይዝኦፍ(ቲ) == 0 ብትሉት ቲ እስኪታወቅ ይጠብቃል። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

አንድ ምድብ ብቻ የሚቀበል ፋንክሽን ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። በሲ++20 ታይፕኔም በሚለው ቦታ ኤስቲዲ::ኢንተግራል ብሎ መጻፍ ይበቃል።