ባይኖኩላር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ በጎጃም ወፍና የዱር እንስሳት ለሚመለከቱ

ጣና ዳር ወፍ የሚያዩ፣ ጮቄ ተራራ የሚወጡ፣ እንግዳ ይዘው ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርዱ ወጣቶች ባይኖኩላር ሊገዙ ሲነሡ በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ብለው ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር አስቀድሞ ያወጣላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፦ ዕቃው ሁለት ሳምንት አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም «ዓይኔን ያመኛል» እያለ በባዶ ዓይኑ ማየት ይቀጥላል። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጥሩ ባይኖኩላር አንድን ወጣት ከአገሩ ወፎች ጋር ዕድሜ ልኩን ያስተዋውቀዋል። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆኑትን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

ትልቁን ቁጥር ማሳደድ

በባይኖኩላር ላይ 8×42 ወይም 10×50 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር የምናየው ነገር ስንት እጥፍ ቀርቦ እንደሚታይ ይነግረናል፤ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። በ8 እጥፍ ሲታይ 80 ሜትር ርቆ የቆመ ወፍ 10 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይሆናል። ታዲያ 20 እጥፍ አይሻልም?

አይሻልም። መሣሪያው ወፉን ሲያቀርብ የእጃችንንም መንቀጥቀጥ በዚያው ልክ ያጎላዋል። 8 እጥፍ በማንም እጅ ረግቶ ይያዛል። 10 እጥፍ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ከ12 በላይ ሲሆን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ካልተተከለለት ምስሉ ይዘልላል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ሲሄዱ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ሞተሩ ያንቀጠቅጣል፣ ማዕበሉም ያንገላታል፤ በ8 እጥፍ የሻላዎቹ ምንቃር ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት ይለያል፣ በ16 ግን የሚታየው ወዲያ ወዲህ የሚል ነጭ ነገር ብቻ ነው።

ሌላም ጉዳት አለው። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ስፋት ይጠባል። ደኅና ባለ 8 እጥፍ በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 130 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ ባለ 10 እጥፉ ወደ 110 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዘጌ ደን ውስጥ ሶሪት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሶሪት አንድ ቦታ ተቀምጣ አትጠብቅም፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ትሮጣለች። እንደተቀመጠች አረንጓዴ ቅጠል መስላ ትሰወራለች። ያ ደማቅ ቀይ የክንፏ ቀለም ብቅ የሚለው ተነሥታ ስትበር ነው፣ እሱም ለአፍታ ብቻ። ሰፊ እይታ ያለው ሰው ያንን ቀይ ያያል፤ ጠባብ እይታ የያዘው ሰው ወፏ የነበረችበትን ቅርንጫፍ ሲፈልግ ይቆያል።

ዓባይ በረሃ ላይስ? ከደጀን ቁልቁል ገደሉን የሚመለከት ሰው ርቀቱ ሰፊ ስለሆነ ትልቅ ማጉያ የሚያስፈልገው ይመስለዋል። ጠዋት በማለዳ ከሆነና ማቆሚያ ከያዘ ልክ ነው። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ግን ከሸለቆው የሚነሣው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፤ ያኔ ትልቅ ማጉያ የሚያቀርበው ነገር የለም፤ የአየሩን መርገብገብ ብቻ ያጎላል።

የተጻፈውን ሁሉ ማመን

ገበያ ላይ ኪስ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ባይኖኩላሮች «30×60» ተብሎ ተጽፎባቸው ይሸጣሉ። ይህን ለማጣራት የሚያስፈልገው ማስመሪያ ብቻ ነው። 60 የሚለው ቁጥር እውነት ከሆነ የፊተኛው ሌንስ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 6 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ማስመሪያውን ሌንሱ ላይ ያስቀምጡ፤ ብዙ ጊዜ ከግማሹ በታች ሆኖ ይገኛል።

የማጉያውንም ቁጥር መለካት ይቻላል። ባይኖኩላሩን ወደ ብሩህ ሰማይ ያዙሩና (ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አይደለም!) ከዓይንዎ አንድ ክንድ ያህል አርቀው የዓይን ሌንሱን ይመልከቱ። መሀሉ ላይ ትንሽ ብሩህ ክብ ይታያል። የዚያን ክብ ስፋት በማስመሪያ ይለኩ፤ ከዚያ የፊተኛውን ሌንስ ስፋት ለዚህ ያካፍሉ። የፊተኛው 24 ሚሊ ሜትር፣ ክቡ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው ባለ 8 እጥፍ ነው፤ ሠላሳ የሚለው ጽሑፍ ውሸት ነው። ሻጩ ፊት ይህን ማድረግ ነውር የለውም።

እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ቀይ ሽፋን ያለውንና «በሌሊት ያሳያል» የሚባለውንም ይተዉት። ቀዩ ሽፋን ለሌሊት አንዳች ጥቅም የለውም፤ ይልቁንም ቀዩን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ቀለሞችን ያዛባል። ጥሩ ሌንስ ከጎን ሲያዩት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነጸብራቅ ይሰጣል።

ማጉያው የሚለዋወጠውን መምረጥ

ከ10 እስከ 30 እጥፍ እየተዘወረ የሚለዋወጥ ባይኖኩላር ሁለት ሦስት ዕቃ በአንድ ዋጋ የተገዛ ያስመስላል። እኔ ግን አንድ ቋሚ ማጉያ ያለውን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። የሚለዋወጠው በውስጡ ብዙ ተንቀሳቃሽ ሌንሶች ስላሉት ሁለቱ ቱቦዎች እኩል መሄዳቸው አስቸጋሪ ነው፤ ትንሽ ሲዛነፉ አንጎል ሁለቱን ምስሎች ለማገጣጠም ይታገላል፣ ራስ ምታቱም ከዚያ ይመጣል። እይታውም በዝቅተኛው ማጉያ ሳይቀር ጠባብ ነው። በተመሳሳይ ዋጋ የሚገኝ ባለ ቋሚ ማጉያ፣ ገንዘቡ ሁሉ ለሌንሱ ስለዋለ፣ የጠራ ምስል ይሰጣል።

የንጋትና የምሽትን ብርሃን መዘንጋት

ወፍ የሚበዛው ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ጉማሬም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ለግጦሽ ወደ ዳር የሚወጣው ሲመሽ ነው። ገዢው ግን ዕቃውን የሚሞክረው በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ባይኖኩላር ጥሩ ነው።

ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ብሩህ ክብ እዚህ ላይ ዋና ነገር ይሆናል። በ8×42 ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ10×25 ግን 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ። በቀን የዓይናችን ብሌን ጠባብ ስለሆነ ሁለቱም ይበቃሉ። በጨለማ የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፣ ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል። ስለዚህ ሲመሽ በ10×25 የሚያይ ሰው ዓይኑ ተከፍቶ ሳለ የሚገባለት ብርሃን ጭላንጭል ነው። የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ፣ ዛፎቹ ከላይ ገጥመው ቀኑን በሚያጨልሙበት፣ ጥቁርና ነጩን ጉሬዛ ከነፊቱ ለማየት ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። ለጎጃም አንድ ብቻ ግዙ ብባል 8×42 እላለሁ። ክብደት የሚያስቸግረው ሰው 8×32 ይበቃዋል።

ለራስ ዓይን ሳያስተካክሉ መፍረድ

«ይህ ዕቃ አያጠራም» ተብሎ ከሚመለሰው ብዙው ያልተስተካከለ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ቱቦዎች በመሀል ማጠፊያው እያጠጋጉ ወይም እያራቁ አንድ ሙሉ ክብ እስኪታይ ያስተካክሉ። በፊልም የሚታዩት ሁለት የተያያዙ ክቦች የስህተት ምልክት ናቸው። ቀጥሎ ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው፣ የሩቅ ጽሑፍ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ እያዩ፣ በመሀለኛው መዘውር ለግራ ዓይንዎ ያጥሩ። ከዚያ ግራውን ጨፍነው መዘውሩን ሳይነኩ፣ በአብዛኛው በቀኙ የዓይን ሌንስ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ በማዞር ለቀኙ ያጥሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት ያስታውሱ፤ ከዚህ በኋላ የሚነካው መዘውሩ ብቻ ነው። ይህን አድርገው አሁንም ምስሉ ሁለት ከሆነ ወይም ዓይንዎ ከተወጠረ ቱቦዎቹ ተዛንፈዋል፤ አይግዙ።

መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ሳያወልቅ ይሞክር። የዓይን ሌንሱን የከበበውን የጎማ ከንፈር አጥፎ ወይም ጠምዝዞ ዝቅ ያድርገው። ዓይኑ ከሌንሱ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆም ሙሉውን ክብ ማየት አለበት፤ ካላየ ጠርዙን ቀን በቀን ያጣዋል።

ውሃንና አቧራን መናቅ

የጎጃም ክረምት የሚታወቅ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በጮቄ ደግሞ በበጋም ጉም ድንገት ይሸፍናል። ያልታሸገ ባይኖኩላር ውስጡ እርጥበት ይገባበታል፣ ቆይቶም ሌንሱ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ ያ ከውጭ አይጠረግም። በናይትሮጅን ተሞልቶ የታሸገ መሆኑን ይጠይቁ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ወዲያው ከቦርሳው አያውጡት፤ ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

አቧራውን በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ትልቅ ጥፋት ነው። አቧራው ደቃቅ ድንጋይ ነው፣ ሌንሱንም ይፍቀዋል። መጀመሪያ እፍ ብለው ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በሌንስ ጨርቅ ይጥረጉ።

ሳያስታውቁ ይዞ መውጣት

ባይኖኩላር ለወታደራዊ ዓላማም የሚውል ዕቃ ስለሆነ ጥርጣሬ ያስነሣል። ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚያስመጣ ሰው ዕቃው ጉምሩክ ላይ ፈቃድ ሊጠየቅበት እንደሚችል ይወቅ፤ ከመላኩ በፊት ይጠይቅ። በገጠሩም ጸጥታ ባልሰፈነበት ጊዜ ወደ ድልድይ፣ ወደ ካምፕ ወይም ወደ ሰው ቤት አቅጣጫ ማነጣጠር አደጋ ነው። ወደ አንድ ቀበሌ ከመግባትዎ በፊት ለአስተዳደሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነም ለአስተዳዳሪው አባት ምን ሊያዩ እንደመጡ ይንገሩ። ሽማግሌ ወይም እረኛ ቀርቦ «ምንድን ነው?» ካለ ከአንገትዎ አውልቀው ይስጡት፣ አስተካክለው ወፏን ያሳዩት። እረኛው ጎጆዋ የት እንደሆነ ያውቃል።