የአበባ ሽሮፕ ስትሠሩ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

ሽሮፕ ሲባል የሳል መድኃኒት የሚመጣባችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም፤ እናቴ እስከ ዛሬ «ያ መድኃኒትሽ አለቀ ወይ?» ትለኛለች። እኔ የማወራው ስለ ጽጌረዳና ስለ ከርከዴ ሽሮፕ ነው። አምቦ ውሃ ላይ ጠብ የምናደርገው፣ የጾም ኬክ ደርቆ ጉሮሮ እንዳይዝ የምናርስበት። ቤት ውስጥ ኬክ እየሠራሁ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ አሠራሩን የማይጠይቀኝ የለም። እነግራለሁ። ከዚያ ያልነገርኩትን አድርገው ይመጡና «ምኑ ነው የተበላሸው?» ይሉኛል።

መጀመሪያ የእቅፍ አበባውን እንጨርስ። አንዲት ልጅ ከእህቷ ሰርግ የተረፈ ሃምሳ ምናምን ጽጌረዳ ታቅፋ መጣች። «ከሚጣል ሽሮፕ እናድርገው» አለችኝ። ኧረ በፈጠራችሁ! እሱ እኮ ይበላል ተብሎ የተተከለ አበባ አይደለም። ዝዋይ ይሁን ሆለታ፣ ግሪን ሃውስ ውስጥ ያለ ጽጌረዳ ነፍሳትና ሻጋታ እንዳይነኩት መድኃኒት ይረጫል፤ ሆላንድ ደርሶ ለጨረታ ሲቀርብ ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ዋጋ አያወጣማ። ቲማቲም ላይ መድኃኒት የረጨ ገበሬ ስንት ቀን ቆይቶ መልቀም እንዳለበት ይነገረዋል። አበባ ላይ ግን ማንም ሰው ይበላዋል ብሎ አላሰበም። «በደንብ አጥበዋለሁ» ደግሞ አትበሉኝ። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ላዩ ላይ አይቀሩም፣ ተክሉ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ፤ ውሃም ኮምጣጤም አያወጣቸውም። ደግሞስ ለምን ትደክማላችሁ? እስቲ አሽትቱት። ዘንጉ እንዲረዝምና ማስቀመጫ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ እየተዳቀለ የመጣ አበባ ነው፣ ሽታው እዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል። ልጅቷ ተቀየመችኝ። አበባውን ሳሎን አስቀመጠችው፣ አማረበት፣ ቦታውም እሱ ነው።

ለሽሮፕ የሚሆነው ማንም ያልረጨው፣ ግቢ ውስጥ የበቀለ፣ ገና በር ላይ ሽታው የሚቀበላችሁ ጽጌረዳ ነው። ከጎረቤት ከለቀማችሁ መድኃኒት ይረጩ እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ። ጠዋት፣ ጤዛው እንደደረቀ ልቀሙት። ግቢ ውስጥ ያማረ ሁሉ ይበላል ማለት ግን አይደለም፤ ያ እንደ መለከት ቁልቁል የሚንጠለጠለው ትልቅ አበባ የአጤ ፋሪስ ዘመድ ነው፣ መርዝ ነው።

ከእያንዳንዱ የጽጌረዳ አበባ ቅጠል ሥር ያለችውን ነጭ ጫፍ በመቀስ ቁረጡ፣ ትመርራለች።

አበባውን ከስኳሩ ጋር እሳት ላይ ማንተክተክ ሌላው ነው። ቤቱን ደስ የሚል ሽታ ሞላው ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ቤቱን ከሞላው ታዲያ ድስቱ ውስጥ ምን ቀረ? የተቀቀለ ጎመን የሚመስል ነገር። ውሃውን ብቻውን አፍሉት፣ አውርዱት፣ ትንሽ በረድ ሲል አበባው ላይ አፍሱና ክዳኑን ግጠሙት። ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ አስገብታችሁ አሳድሩት። ጠዋት በንጹህ ጨርቅ አጥልሉ፣ አትጭመቁት። ከዚያ ስኳሩን ጨምራችሁ እስኪሟሟ ድረስ ብቻ አሙቁ። ስታጠልሉት ቀለሙ ካልሲ የታጠበበት ውሃ ከመሰላችሁ አትደንግጡ፣ እኔ የመጀመሪያውን በድንጋጤ ደፍቼዋለሁ። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉበት፤ አበባው ቀይ ወይም ሮዝ ከነበረ ዓይናችሁ እያየ ቀለሙ ይመለሳል። ሎሚው ስኳሩም ተመልሶ እንዳይረጋ ይረዳል።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። አንድ ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውሃ፣ እኩል በእኩል ነው ብዬ እሠራ ነበር። እኩል አይደለም። አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ገደማ ነው፣ ያው ኩባያ ውሃ ደግሞ 240 ግራም። ስለዚህ ስኳሩ ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። ይሄ ሽሮፕ ሳይሆን ብርዝ ነው፣ ብርዝ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለአበሻ አይነገርም። ያንን ሦስት ሃይላንድ ሞላሁ። እንዲያምር ብዬ አበባውንም ውስጡ ተውኩት። ፍሪጁ ሞልቶ ስለነበር የኩሽና ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደርኩት። በአምስተኛው ቀን ሌሊት ጧ! ሲል እናቴ ሲሊንደር የፈነዳ መስሏት በባዶ እግሯ ግቢ ወጣች። ክዳኑን ምድጃው ሥር አገኘነው። ቤቱ ለአንድ ሳምንት ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሸተተ።

ስለዚህ በሚዛን ስፈሩ። ለግማሽ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስኳር ካደረጋችሁ ብዙ ይቆያል፣ እሱንም ቢሆን ፍሪጅ ውስጥ። አሥር ዓይነት ስኳር ቀምሼ አላውቅም ግን ነጣ ያለው ይሻላል፣ ቀላ ያለው የጽጌረዳውን ቀለም ያጠፋዋል። ጣፋጩ በዛብኝ ካላችሁ በሚዛን እኩል በእኩል አድርጉና በሁለት ሳምንት ጨርሱት። ጠርሙሱ የመስታወት ይሁን፣ 20 ደቂቃ ተቀቅሎ በደንብ የደረቀ።

ቴርሞሜትር ያላችሁ ደግሞ አለ አንድ ወጥመድ። የውጭ ቪዲዮ «104 ዲግሪ እስኪደርስ አፍሉ» ይላችኋል። እነሱ ጋ ውሃ በ100 ይፈላል፣ አዲስ አበባ ግን በ92 ገደማ ነው የሚፈላው፣ ከፍታ ላይ ነና። እዚህ 104 እስኪል ከጠበቃችሁ ያፈላችሁት ከረሜላ ነው። አንዷ ደንበኛዬ ጠርሙሱን ገልብጣ ይዛ መጣች፣ ጠብ አይልም። እዚህ 96 ላይ አውርዱት።

ለፊት ተብሎ የሚሸጠውን የጽጌረዳ ውሃ ሽሮፕ ውስጥ አትጨምሩ። ዐረብ አገር የኖራችሁ ለምግብ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ከርከዴ ይቀላል፣ ጀማሪ ከሱ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ኮምጣጣ ስለሆነ ግን በአልሙኒየም ድስት አትሥሩት፣ ብረት ብረት ይላል። ወተት ውስጥም አትጨምሩት። ይሄንን የማውቀው ለልደት ታዝዤ ለብ ያለ ወተት ላይ አንድ ጭልፋ የከርከዴ ሽሮፕ ስገለብጥበት ነው፤ ሮዝ ክሬም ይሆናል ብዬ ማማሰል ስጀምር ተቆራረጠ። ክሬሙን ለብቻው አቀዝቅዛችሁ ሽሮፑን ሲቀርብ ከላይ ማፍሰስ ነበር። እናቴ «ከሚደፋ» ብላ አጥልላ በሚጥሚጣ አቀረበችው። ጥሩ አይብ አልነበረም።